ሙሽራው ጥቁር ለብሶ ቪዲዮው ላይ ለምን ቡናማ ሆነ? ስለ ኤንዲ ፊልተርና ኢንፍራሬድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥር ሲገባ ደሴ ላይ ሥራ ይበዛል። ሁዳዴ ሳይገባ ሰርጉ ሁሉ ይደራረባል። ጠዋት ኮምቦልቻ፣ ከሰዓት ሐይቅ ከተማ፣ በማግስቱ ወልድያ። ከዓመታት በፊት እንዲህ ባለ ጥር አንድ ሰርግ ሐይቅ ዳር ቀረጽኩ። ሙሽራውም ሚዜዎቹም ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ሚዜዎቹ ጥቁር ናቸው፤ ሙሽራው ግን ቡናማ ሆኗል። ያውም የከሰል ምድጃ ዝገት የመሰለ ቡናማ። ቪዲዮውን ሳስረክብ የሙሽራው እናት አፍጥጠው አዩኝና «አንተ ልጅ፣ እኔ ልጄን ጥቁር አልብሼ ነው የዳርኩት። ይሄን ቡናማ ከየት አመጣህበት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ። የሙያ ጓደኞቼም እየደወሉ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ስለሆነ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ኤንዲ ፊልተር ሥራው ምንድነው? የግድ ያስፈልገኛል?

ለሌንስ የፀሐይ መነጽር ማለት ነው። ብርሃን ይቀንሳል። ቀለም ግን እንዳይነካ ተብሎ ነው የሚሠራው። «ተብሎ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው።

ለምን እንደሚያስፈልግ በሒሳብ እንየው። ሐይቅ ዳር ቆማችኋል፣ እኩለ ቀን ነው፣ ደመና የለም። የቆየው የፎቶ አንሺዎች ሕግ እንደሚለው በጠራ ፀሐይ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) 16፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይ ሻተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/100 ሰከንድ ይበቃል። ቪዲዮ በሰከንድ 25 ፍሬም የምትቀርጹ ከሆነ ግን እንቅስቃሴው ለዓይን እንዲመች ሻተሩን 1/50 ላይ ታደርጉታላችሁ። ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለው ደብዘዝ እንዲል ደግሞ አፐርቸሩን እስከ 2.8 ትከፍታላችሁ። አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ ሲጨምር ወይም በግማሽ ሲቀንስ ነው። ከ16 ወደ 2.8 አምስት ስቶፕ ነው። ከ1/100 ወደ 1/50 አንድ ስቶፕ። ድምሩ ስድስት። ያለ ፊልተር ከቀረጻችሁ የሙሽራዋ ቬሎና ሰማዩ አንድ ላይ ነጭ ወረቀት ይሆናሉ።

በሎግ፣ ማለትም ቀለሙ በኋላ እንዲስተካከል ደብዘዝ አድርጎ በሚቀርጸው ዘዴ የምትቀርጹ ከሆነ ይብሳል። ብዙ ካሜራዎች በሎግ ሲሠሩ መነሻቸው አይኤስኦ 800 አካባቢ ነው። ያ ሌላ ሦስት ስቶፕ ይጨምራል። ዘጠኝ ደረስን። እንግዲህ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ፊልተሩ በጠቆረ ቁጥር ኢንፍራሬድ የሚባለው ለዓይን የማይታይ ብርሃን ይጎላል።

አንዱ ፊልተር ላይ 64፣ ሌላው ላይ 1.8፣ ሌላው ላይ 6 ስቶፕ ይላል። የትኛው ነው የሚበልጠው?

ሦስቱም አንድ ናቸው። 64 ማለት ብርሃኑን ለ64 ያካፍላል ማለት ነው። እያንዳንዱ ስቶፕ በ0.3 ይቆጠራል፤ 0.9 ሦስት ስቶፕ፣ 1.2 አራት፣ 1.8 ስድስት፣ 3.0 ደግሞ አሥር ስቶፕ ነው። አሥር ስቶፕ ብርሃኑን ለ1000 ያካፍላል።

እሺ፣ ጥቁሩ ለምን ቡናማ ሆነ?

የፀሐይ ብርሃን ዓይናችን በሚያየው አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1800 ዊሊያም ኸርሼል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አስቀመጠ። ከቀዩ ወዲያ፣ ለዓይን ምንም በማይታይበት ቦታ ያኖረው ቴርሞሜትር ከሌሎቹ በለጠና ሞቀ። ያ የማይታየው ጨረር ኢንፍራሬድ ነው። በአማርኛ ታህተ ቀይ ይሉታል።

ዓይናችን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ነው የሚያየው። ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ሴንሰር የሚሠራው ከሲሊከን ስለሆነ እስከ 1100 ናኖሜትር ገደማ ያያል። አምራቾቹ ይህን ስለሚያውቁ ሴንሰሩ ፊት ኢንፍራሬድን የሚያግድ ቀጭን መስታወት ያደርጋሉ። አብዛኛውን ያግዳል። ሁሉንም ግን አይደለም። በተለይ ከ700 ናኖሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ ያለው ጥቂት ጥቂት ሾልኮ ይገባል። በአዘቦት ቀን ያቺ ሾላኪ ከቁጥር አትገባም፤ የሚታየው ብርሃን ይውጣታል።

አሁን ፊልተሩን ግጠሙ። ባለ 6 ስቶፑ የሚታየውን ብርሃን ለ64 አካፈለው። ተራ ፊልተር የተሠራበት ማቅለሚያ ግን ኢንፍራሬድን እምብዛም አይነካውም፤ እንደመጣ ያሳልፈዋል። እናንተ ደግሞ የጨለመውን ለማካካስ አፐርቸሩን ከፈታችሁ። ስለዚህ ኢንፍራሬዱ ከሚታየው ብርሃን ጋር ሲነጻጸር እስከ 64 እጥፍ አደገ። በ10 ስቶፕ ከሆነ እስከ 1000 እጥፍ።

ሽሮ የሠራ ሰው ይህ አይጠፋውም። ጨዉ በልኩ ነበር። እሳት ላይ ተረሳና ውሃው መጠጠ። ማንም ጨው አልጨመረበትም፤ ወጡ ግን ጨው ሆነ። የእኛም ነገር ይኸው ነው። ኢንፍራሬዱ አልጨመረም፤ ሌላው ነው የመጠጠው።

ቡናማ የሚሆንበት ምክንያት ደግሞ ከቀይ ጎን ያለው ኢንፍራሬድ በብዛት የሚገባው በሴንሰሩ ቀይ ነጥቦች በኩል ስለሆነ ነው። ጥቁር ላይ ትንሽ ቀይ ጣል ሲደረግበት ቡናማ ይሆናል። አንዳንድ ካሜራ ላይ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል።

ሚዜዎቹስ? እነሱም ጥቁር ነው የለበሱት፤ አንድ ፀሐይ ነው የመታቸው

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። እኔንም ለወራት ያደከመኝ እሱ ነበር።

ለዓይናችን ጥቁር የሆነ ነገር ሁሉ ለኢንፍራሬድ ጥቁር አይደለም። ልብሱን ያጠቆረው ማቅለሚያ የሚታየውን ብርሃን ይውጣል። ኢንፍራሬዱን ግን ሊውጠውም ሊያንጸባርቀውም ይችላል፤ እንደ ማቅለሚያውና እንደ ክሩ ነው። ፖሊስተርና ናይለን ላይ ያለው ጥቁር ብዙ ጊዜ ያንጸባርቀዋል። ለካሜራው ያ ሱፍ ኢንፍራሬድ የሚያበራ ነጭ ልብስ ነው ማለት ይቻላል። ሚዜዎቹ በአንድ ላይ ከአንድ ሱቅ የተከራዩት ሌላ ጨርቅ ነበር። ሙሽራው ለብቻው አዲስ ገዛ። ገንዘብ ያወጣበት ነው የከዳው።

በእጅ በመዳሰስ ወይም በዋጋው አይታወቅም። ጥጥም ቢሆን እንደ ማቅለሚያው ይለያያል። እኛ አካባቢ ደጋግሞ የሚያስቸግረኝ ጥቁር ጅልባብ ነው። ኮምቦልቻና ባቲ የኒካህ ቀን ብትቀርጹ አሥር ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሁሉም ጥቁር ለብሰው፣ ቪዲዮው ላይ ግን አራቱ ቡናማ፣ ሦስቱ ወይን ጠጅ፣ ሦስቱ ጥቁር ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። የናይለን ጥቁር ጃንጥላም እንዲሁ ነው። የተማሪ ቦርሳም።

አንዴ ያስገረመኝ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ነበር። ጥቁርና ወርቅማ ክር ተቀላቅሎ የተጠለፈ ነው። ነጩ ጥጥ ነጭ ሆኖ ቀረ። ወርቅማው ደህና ነው። ጥቁሩ ክር ብቻ ከአንገት እስከ ጫፍ ቀላ። ባለ ቀሚሷ አላወቀችም፤ እኔም አልነገርኳትም።

ዛፉና ሣሩስ ለምን ገረጣ?

ቅጠል ኢንፍራሬድን በኃይል ያንጸባርቃል። ክሎሮፊል ቀዩን ይውጥና ልክ 700 ናኖሜትር አካባቢ ሲደርስ መዋጡን ያቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የቅጠሉ ውስጠኛ አካል በትኖ ይመልሰዋል። ስለዚህ ከሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ቆማችሁ ያንን ሁሉ ባሕር ዛፍ በጠቆረ ፊልተር ብትቀርጹ አረንጓዴው ወደ ቢጫ፣ አንዳንዴም ወደ ደረቀ ሣር ይሄዳል። መስከረም ላይ ቀርጻችሁ የካቲት ይመስላል።

የሰው ፊትም ይነካል። ይቀላል፣ ሰም የተቀባ ይመስላል።

ዋይት ባላንስ በደንብ ካስተካከልኩ አይጠፋም?

አይጠፋም። ዋይት ባላንስ ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የካሜራውን ቀለም ማስተካከል ነው። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን ነው አንድ የምናደርጋቸው።

አንደኛው የፊልተሩ የራሱ ቀለም ነው። ርካሽ ፊልተር ሁሉንም ነገር እኩል አረንጓዴ፣ ወይም ሰማያዊ፣ ወይም ቡናማ ያለብሳል። ሰማዩንም፣ ቬሎውንም፣ መንገዱንም። ይህ ይድናል። ፊልተሩን ሌንሱ ላይ አድርጋችሁ ግራጫ ካርድ ፊት ለፊት ያዙና ዋይት ባላንሱን በእጅ ሥሩ። ፊልተር በቀየራችሁ ቁጥር ድገሙት። አውቶ ላይ ትታችሁ ከሄዳችሁ የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ኢንፍራሬዱ ነው። እሱ እየመረጠ ነው የሚመታው። ሙሽራውን ነካ፣ ሚዜውን ተወ። ዋይት ባላንስ ደግሞ መምረጥ አያውቅም፤ ምስሉን ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚገፋው። ሱፉን ለማጥቆር ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ብትገፉት ሱፉ ይጠቁራል፣ ቬሎው ግን የታመመ ሰው ፊት ይመስላል።

ስለዚህ መለያው ቀላል ነው። ሁሉም ነገር እኩል ከተቀየረ ፊልተሩ ቀለም አለበት። አንዱ ጥቁር ተቀይሮ ሌላው ከቀረ ኢንፍራሬድ ነው።

ደሴ ከፍታ ላይ ናት። አልትራቫዮሌቱ ይሆን? ዩቪ ፊልተር አለኝ

ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ከፍ ባላችሁ ቁጥር አልትራቫዮሌት መጨመሩም እውነት ነው። ግን ያ በሌላው ጫፍ፣ ከሐምራዊው ወዲያ ያለው ነው። የሩቁን ተራራ ሰማያዊ ጉም ቢያለብሰው እንጂ ጥቁር ሱፍ አያቀላም። ዩቪ ፊልተራችሁ ኢንፍራሬድን አይከለክልም። ሌንሱን ከአቧራ ይጠብቅላችኋል፣ በቃ።

የሚዞረውን፣ ቫሪያብሉን ነው የምጠቀመው። አንድ ብቻ ይዤ ስለምሄድ ቀለለኝ

ቀላል ነው፤ እኔም ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ሩጫ በበዛበት ቀን፣ ሙሽራው ከመኪና ወርዶ ጥላ ውስጥ ገብቶ እንደገና ፀሐይ ላይ ሲወጣ ፊልተር መቀየሪያ ጊዜ የለም። ግን የሚሠራበትን እወቁት።

ሁለት ፖላራይዘሮች ናቸው፣ ፊትና ኋላ፤ ፖላራይዘር በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ነው። አንዱን ስታዞሩት ይተላለፉና ብርሃኑን ይዘጋሉ። ችግሩ የፖላራይዘሩ ፕላስቲክ ኢንፍራሬድ ላይ ሲደርስ አቅም ያጣል። የሚታየውን ጥርቅም አድርጎ ሲዘጋ ኢንፍራሬዱን ይለቀዋል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ባጠቆራችሁት ቁጥር ሽሮው ይመጥጣል። በዚያ ላይ ሰፊ ሌንስ ከሆነ ምስሉ ላይ እንደ ኤክስ ያለ ጥቁር መስቀል ይወጣል። ሰማዩ ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ሊነጣም ይችላል። ከመሃል አታሳልፉት። ፀሐዩ ከዚያ በላይ ከሆነ ቋሚ ፊልተር ግጠሙ።

ሁለት ፊልተር ደርቤ ብጠቀምስ?

ሁለት ተራ ባለ 3 ስቶፕ ስትደርቡ የሚታየው ለ64 ይካፈላል፤ ኢንፍራሬዱ ሁለቱንም በሰላም ያልፋል። ምንም አላተረፋችሁም። ኢንፍራሬድ የሚቆርጡ ሁለት ፊልተሮች ከደረባችሁ ደግሞ ብዙዎቹ ቀዩን ጠርዝ ትንሽ ስለሚነኩ ምስሉ አረንጓዴ ይሆናል። አንድ ደህና ፊልተር ከሁለት ይሻላል።

የእኔ ፊልተር ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የልብስ ገመድ ይበቃል። የቤት ሰው አስተባብሩና ያለውን ጥቁር ሁሉ ሰብስቡ፤ ሱፍ፣ ጅልባብ፣ ጃንጥላ፣ ቦርሳ፣ ካልሲ፣ የጥጥ ቲሸርት። ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት እንዲመታው አድርጋችሁ ገመዱ ላይ ስቀሉት። ጎኑ ላይ አንድ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍና ግራጫ ካርድ ካለ ጨምሩ።

መጀመሪያ ያለ ፊልተር ቅረጹ። ብርሃኑን በሻተር ቀንሱት፤ ለሙከራ ስለሆነ የእንቅስቃሴው ነገር አያሳስብም። ከዚያ ፊልተሩን ግጠሙና ሻተሩን ብቻ ዝቅ አድርጋችሁ ብርሃኑን እኩል አምጡት። አፐርቸሩን አትንኩ። በየአንዳንዱ ዋይት ባላንሱን በካርዱ ሥሩ። 3፣ 6፣ 10 ስቶፕ ካላችሁ ሦስቱንም ድገሙ። ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስታዩ ያለ ፊልተር ጥቁር የነበረው ጃንጥላ በስንተኛው ስቶፕ ላይ መቅላት እንደጀመረ ይታያችኋል። ያቺ የካሜራችሁ ወሰን ናት። የእኔ አራት ስቶፕ ላይ ይጀምራል። የጓደኛዬ ሌላ ካሜራ እስከ ስድስት ይታገሳል። ካሜራው ውስጥ ያለው ማገጃ እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ የሰው ልክ ለእናንተ አይሠራም።

በቴሌቪዥን ሪሞት የሚሞክሩም አሉ። ሪሞቱን ካሜራው ላይ አነጣጥሮ መጫን፤ ጫፉ ላይ ያለችው አምፖል ስክሪኑ ላይ ስታበራ ከታየች ካሜራው ኢንፍራሬድ ያያል ማለት ነው። እውነት ነው፣ ግን ብዙ አይጠቅምም። የሪሞት ጨረር አብዛኛውን ጊዜ 940 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ የእኛ ጣጣ 700 ጠርዝ ላይ ነው። ሪሞቱን ያላየ ካሜራ ሱፍ ሊያቀላ ይችላል።

ታዲያ ምን ዓይነት ፊልተር ልግዛ?

ሦስት መንገድ አለ።

አንዱ ማሸጊያው ላይ «አይአር ኤንዲ» የሚል ነው። ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ኢንፍራሬዱንም ይቆርጣል። ለአብዛኛው የሰርግ ሥራ ይህ ይበቃል። ቀለም ጨርሶ የለውም ማለት ግን አይደለም። አንዳንዱ ትንሽ ወደ አረንጓዴ ስለሚያደላ ዋይት ባላንሱን በእጅ መሥራት አይቀርም።

ሁለተኛው «ፉል ስፔክትረም» የሚባለው ነው። ማቅለሚያ ሳይሆን በመስታወቱ ላይ በጣም ስስ የብረት ሽፋን አለው። የሚታየውንም ኢንፍራሬዱንም እኩል ይቀንሳል። ጨዉም ውሃውም አብሮ ይቀንሳል እንደ ማለት ነው፤ የወጡ ጣዕም አይቀየርም። የምመርጠው ይህን ነው። ይወደዳል። ትላልቅ የሲኒማ ካሜራዎች ውስጣቸው ተሠርቶላቸው የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ወይ ይህ ወይ የመጀመሪያው ነው፤ እንደዚያ ያለ ካሜራ ካላችሁ የውስጡን ተጠቀሙ።

ሦስተኛው «ሆት ሚረር» ነው። ኢንፍራሬዱን እንደ መስታወት ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ያላችሁ ተራ ፊልተር እንዳለ ሆኖ እሱን ከፊት፣ ከሁሉ ውጭ ትጨምሩበታላችሁ። ጥሩ መላ ነው፣ ግን ከሰፊ ሌንስ ጋር አይስማማም። ብርሃኑ በሰያፍ ሲመጣ የሚቆርጥበት ቦታ ይሸሽና የሚታየውን ቀይ ጭምር መብላት ይጀምራል። የምስሉ ጠርዝ አረንጓዴማ ሰማያዊ ይሆናል። ሁለት የሚያንጸባርቁ መስታወቶች ሲገጣጠሙም የፀሐይዋ ነጸብራቅ ምስሉ ላይ ሊደገም ይችላል።

አብዛኞቻችን ከውጭ በሚመጣ ሰው ነው የምናስመጣው። ለሚያመጣላችሁ ሰው «ኤንዲ» ብላችሁ ብቻ አትላኩት። የማሸጊያውን ፎቶ ላኩለት። እኔ በቃል ልኬ ምን እንደመጣልኝ አልነግራችሁም።

ፊልተር ሳልገዛ የማመልጥበት መንገድ አለ?

አለ፤ ጥላ። ከጠራ ሰማይ ብቻ የሚመጣ የጥላ ብርሃን ኢንፍራሬዱ ትንሽ ነው፤ ሰማይ ሰማያዊ የሆነውም አጫጭሩን ሞገድ እየበተነ ስለሆነ ነው። በዚያ ላይ ጥላ ውስጥ የጠቆረ ፊልተር አያስፈልግም። ሙሽሮቹን ከግድግዳ ጥላ ወይም ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር አቁሙና ሁለት ሦስት ስቶፕ ብቻ ተጠቀሙ። የዛፉ ቅጠል ራሱ ኢንፍራሬድ ስለሚያሳልፍ የግድግዳው ይሻላል። የጦሳ ተራራ ደመና የለበሰ ቀን ከሆነ ደግሞ ፊልተሩንም ላትፈልጉት ትችላላችሁ።

አፐርቸሩን መዝጋትም ይቻላል። ከ2.8 ይልቅ በ5.6 ብትቀርጹ ሁለት ስቶፕ አተረፋችሁ። የሁሉም ሰርግ ጀርባ መደብዘዝ አለበት ያለው ማን ነው? ጀርባው እኮ ሐይቅ ነው!

ቀርጬ ጨርሻለሁ፤ ሰርጉም አልፏል። በኤዲቲንግ ይድናል?

በከፊል። ከባድ የሚያደርገው የእኛ መልክ ነው።

ዩቲዩብ ላይ የሚያስተምሩት የውጭ አገር ሰዎች ቡናማውን ቀለም ምረጡና ሳቹሬሽኑን (የቀለሙን ድምቀት) ቀንሱ ይላሉ። ለእነሱ ይሠራል። እኛ ግን ራሳችን ቡናማ ነን። የተበላሸው ሱፍና የሙሽራው ፊት ከለር ዊሉ (የቀለማት ክብ) ላይ አንድ ቦታ ነው የሚቀመጡት። ሱፉን አጠቆርኩ ስትሉ ሙሽራው አመድ የነፋበት ይመስላል። የሐይቁን ሰርግ መጀመሪያ ያስረከብኩት እንደዚያ አድርጌ ነበር። እናትየው ያፈጠጡብኝም ቀለሙን እንደነበረ መልሼ ስወስደው በሁለተኛው ቀን ነው፤ በመጀመሪያው ቀን «ልጄ ታሞ ነበር እንዴ?» ነው ያሉት።

የሚሻለው እንዲህ ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ውስጥ ሱፉን ብቻ በማስክ (በመለያ መስመር) ከበቡትና መስመሩ ሱፉን እንዲከተል ትራክ አድርጉት። ፊትና እጅ ከማስኩ ውጭ ይሁኑ። ከዚያ ማስኩ ውስጥ በብሩህነት ልክ ሳቹሬሽን የሚቀንሰውን ከርቭ ተጠቀሙ፤ ጨለማውን ክፍል ብቻ ዝቅ አድርጉት። ነጭ ሸሚዙና ክራቫቱ አይነኩም። ሙሽራው ቆሞ የሚያወራበት ሾት ላይ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። እስክስታ ላይ ግን እርሱት። ትከሻው አንድ ቦታ፣ ማስኩ ሌላ ቦታ ነው። እስክስታውን እኔ ጥቁርና ነጭ አድርጌ በቀስታ ለቀቅኩት። «እንዴት ያምራል» ተባልኩ።

ቅጠሉን መመለስ ይቀላል። ቢጫውን መርጣችሁ ወደ አረንጓዴ ትንሽ አዙሩት። የሙሽራዋን ወርቅ እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ።

አዳራሽ ውስጥስ? ላሊበላ ገና ላይ በጧፍ ብርሃን ስቀርጽስ?

ኤልኢዲ መብራት ኢንፍራሬድ የለውም ማለት ይቻላል። አዳራሹ በኤልኢዲ ከበራ አትጨነቁ። የድሮው ትኩስ አምፖል፣ ጧፍና የእንጨት እሳት ግን በኢንፍራሬድ የተሞሉ ናቸው። ያም ሆኖ ጨለማ ውስጥ ኤንዲ ስለማታደርጉ የካሜራው የራሱ ማገጃ ይበቃል።

ላሊበላ የሚያስቸግረው ሲነጋ ነው። ሌሊቱን በጧፍ ስትቀርጹ አድራችሁ ጠዋት ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ቤዛ ኩሉ ለሚባለው የገና ዝማሬ ከላይ ሲሰለፉ ፀሐዩ ይወጣል፤ እናንተም የጠቆረውን ፊልተር ትገጥማላችሁ። ነጩ ሁሉ ነጭ ነው። ከመሃል ግን ጥቁር የነበረው ካባና ጃንጥላ ሊቀላ ይችላል። ከሌሊቱ ጋር ሲቀጣጠል ያው ሰው ልብስ የቀየረ ይመስላል።

ውድ ካሜራ ብገዛ ይቀርልኛል?

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ላይካ ኤም8 በጊዜው ውድ ከሚባሉት ነበር። ሴንሰሩ ፊት ያለው ማገጃ ስስ ስለነበረ ያለ ምንም ኤንዲ ጥቁር ሰው ሠራሽ ልብስ ወይን ጠጅ ይሆንበት ነበር። ኩባንያው ለገዢዎቹ ኢንፍራሬድ የሚቆርጥ ሁለት ሁለት ፊልተር በነጻ ለመስጠት ተገደደ። ከዋጋ ይልቅ የልብስ ገመዱን እመኑ።

የበያጅ መስታወት ይሠራል ሲሉ ሰምቻለሁ

ይሠራል፤ ሞክሬዋለሁ። የበያጅ መስታወት ዓይንን ከኢንፍራሬድ እንዲጠብቅ የተሠራ ስለሆነ ከብዙ ርካሽ ኤንዲ በተሻለ ኢንፍራሬዱን ይዘጋል። ግን ዓለሙን ሁሉ ጎመን ያደርገዋል። ቦርከና ወንዝን ለረጅም ሰከንድ አንስቼ ጥቁርና ነጭ ሳደርገው ቆንጆ ወጣ። ለሰርግ ግን እንዳታስቡት።

በኤንዲ ፊልተር ፀሐይን ማየት፣ ግርዶሽ ማንሳት ይቻላል?

አይቻልም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይዋ ቀለበት ስትሆን የሌንስ ፊልተር ዓይናቸው ላይ አድርገው ለማየት የሚሞክሩ ሰዎች ይኖራሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ተራ ኤንዲ የሚታየውን ስለሚያጨልም ዓይን አይጨፈንም። ኢንፍራሬዱ ግን እንዳለ ያልፋል፤ በዓይናችን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው መጋረጃ (ሬቲና) ደግሞ ሲቃጠል አያምም። በመስታወት የሚያሳየውን የካሜራ ማያ ቀዳዳም በዚሁ ቁጠሩት። ለፀሐይ ተብሎ የተሠራ ፊልተር አለ፣ እሱ ከሌንሱ ፊት ይደረጋል፣ ማየትም በስክሪን ነው።